ኮካ የመሰለ ሽንት «ጉንፋን» አይባልም

አገሬው ለትኩሳትና ለቁርጥማት ብዙ ስም አለው። ጉንፋን፣ ብርድ፣ ምች። ስሞቹ ይለያዩ እንጂ ፍርዳቸው አንድ ነው፦ «ያልፋል!»

መጥፎው ነገር ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። ሰው ይተኛል፣ ያልበዋል፣ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ይጠጣል፣ ዳማከሴ ይታሽለታል፣ በሳምንቱ ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል። ደጋግሞ ትክክል የሆነ ፍርድ አንድ ቀን ሲሳሳት ግን ቆም ብሎ የሚያስተውል አይገኝም።

የዚያ አንድ ቀን ስም ራብዶማዮላይሲስ ነው። ቃሉ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ግልጽ ነው። ጡንቻ ይፈርሳል፤ የፈረሰው ጡንቻ ወደ ደም ይገባል፤ ደሙን የሚያጣራው ኩላሊት ይታነቃል። ይህ በአረጋውያን ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ኳስ ሲጫወት የነበረ የ30 ዓመት ጤነኛ ጎልማሳም በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ሊደርስበት ይችላል።

ብርቅ ነው? አዎ፣ ብርቅ ነው። ብርቁን በሽታ ወደ ሞት ወይም ወደ ኩላሊት እጥበት የሚገፉት ልማዶች ግን ፈጽሞ ብርቅ አይደሉም። በየቤቱ፣ በየጂሙ፣ በየፋርማሲውና በየጤና ጣቢያው በየቀኑ ይታያሉ። ክርክሩም ከበሽታው ጋር ሳይሆን ከእነዚህ ልማዶች ጋር ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው?

የጡንቻ ሴል ካልሲየምን በልክ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሥርዓት አለው። ይህ ሥርዓት የሚንቀሳቀሰው ሴሉ በሚያመነጨው ጉልበት ነው። ቫይረስ ሲገባ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ቫይረሱ ራሱ ጡንቻውን ይጎዳል፤ ወይ ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚለቃቸው ኬሚካሎች ከልክ ያልፉና ጡንቻውን አብረው ይመቱታል። በዚያ ላይ ትኩሳትና የፈሳሽ እጥረት ሲጨመሩበት የሴሉ ጉልበት ያልቃል። ካልሲየም ያለ ልክ ይገባል። ሴሉም ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

ሲፈርስ በውስጡ የያዘውን ሁሉ ወደ ደም ይደፋል። ከሚደፋው ውስጥ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ማዮግሎቢን ነው፤ ሥጋ ቤት የተሰቀለውን ሥጋ ቀይ የሚያደርገው ያው ፕሮቲን ማለት ነው። ኩላሊት ውስጥ ሲደርስ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል፣ ይጎዳል። ሽንትን እንደ ኮካ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ የሚያጠቁረውም እሱ ነው። ሁለተኛው ፖታሲየም ነው፤ በደም ውስጥ በድንገት ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል፣ ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ሦስተኛው ክሬያቲን ካይኔዝ ወይም በሐኪሞች አጠራር «ሲኬ» የሚባለው ነው፤ ጉዳቱ የሚለካው በእሱ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዩኒት በታች ይሆናል። ከ1,000 ሲያልፍ ጡንቻ እየፈረሰ ነው ይባላል። ከ5,000 ሲያልፍ ለኩላሊት የሚያሰጋው አደጋ ይጨምራል። 100,000 ያለፈባቸው ሕመምተኞችም አሉ።

የጡንቻ መፍረስ ኩላሊትን እንደሚገድል ዓለም በደንብ የተረዳው በጦርነት ነው። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች በምትደበደብበት ጊዜ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጡ፣ «ተረፉ» የተባሉ ሰዎች ከቀናት በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ ሲያቆም ታየ። ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1941 መዝግበው አሳተሙ። ያኔ ጡንቻውን የጨፈለቀው የተደረመሰ ግድግዳ ነበር። ቫይረስ ያንኑ ሥራ ያለ ግድግዳ ይሠራል።

በዚህ ከሚታወቁት ቫይረሶች ግንባር ቀደሙ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ኮክሳኪ፣ ኤፕስታይን ባር፣ ኸርፒስ፣ ኤችአይቪና ዴንጊም ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤች1ኤን1 የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲያዳርስ ከየአገሩ ተመሳሳይ ሪፖርት ወጥቷል። ኮቪድ ሲመጣም እንዲሁ። ቻይና ውስጥ በወረርሽኙ መጀመሪያ ሆስፒታል ከገቡና ከተጠኑ 1,099 ሕመምተኞች በ2ቱ ላይ ጡንቻ መፍረሱ ተመዝግቧል። ዴንጊ ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ተከስቷል።

እንግዲህ ወደ ልማዶቹ።

ልማድ አንድ፦ «ላብህ ካልወጣ አይለቅህም»

ትኩሳት የያዘው ወጣት ጂም ይገባል። አሠልጣኙ አይዞህ ይለዋል። ጓደኞቹ ጀግና ይሉታል። ሁለት ቲሸርት ደርቦ ይሮጣል፣ ይስባል፣ ያነሳል። ላቡ ይወጣል። ጉንፋኑ አብሮ ወጣ ተብሎ ይታመናል።

ሰውነት ግን ሌላ ሒሳብ ነው የሚያሰላው። ቫይረስ አንድ ጊዜ የመታው፣ ትኩሳት ያደረቀው ጡንቻ ላይ ከባድ እንቅስቃሴ መጫን ሁለት ለየብቻቸው የሚያፈርሱ ነገሮችን አንድ ላይ ማምጣት ነው። ከባድ ስፖርት ብቻውን፣ ያለ ምንም ቫይረስ፣ ጡንቻን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ በሠልጣኝ ወታደሮችና በማራቶን ሯጮች ላይ በተደጋጋሚ የታየ ነው። በዚያ ላይ ትኩሳት ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የአፍንጫ ፈሳሽ ብቻ ያለበት ሰው ቀለል አድርጎ ቢንቀሳቀስ ብዙም አይጎዳም። ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ያለበት ሰው ግን ጂም ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ይህንን የማያውቅ አሠልጣኝ ገና አልሠለጠነም።

ይህ ልማድ ጂም ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። በቀን ሒሳብ ሲሚንቶ የሚሸከመው ወጣት ትኩሳቱን ይዞ የሚወጣው ጀግንነት አምሮት አይደለም። ካልሠራ እራት የለም። በወር ደመወዝ የሚሠራው ደግሞ ሕግ አለለት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት 50 በመቶ እንዲከፈለው ይደነግጋል። «በጉንፋን ሰው ይቀራል እንዴ?» የሚል አለቃ ባለበት ቢሮ ግን ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል። እንዲህ የሚል አለቃ ቀልደኛ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። በሠራተኛው ኩላሊት ላይ እየቆመረ ነው።

ልማድ ሁለት፦ «አንድ ዳይክሎ ውጉኝ»

ቁርጥማቱ ሲበረታ ሰው ወደ ፋርማሲ ወይም ወደ ሰፈር ክሊኒክ ይሄዳል። የሚጠይቀውም ስለ ሕመሙ አይደለም፤ መርፌውን በስሙ ይጠራል። ዳይክሎፌናክ! ይወጋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል። በማግስቱ ተመልሶ ይወጋል።

እዚህ ላይ ነው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ጤነኛና በቂ ውሃ የጠጣ ሰው አንድ ሁለት ቀን ቢወስዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማቸዋል። በትኩሳት የደረቀ፣ ምግብና ውሃ ያስጠላው፣ ጡንቻው መፍረስ የጀመረ ሰው ግን ኩላሊቱ ከምንጊዜውም በላይ ደም የሚፈልግበት ሰዓት ላይ ነው። መርፌው ያንን ደም ይቀንስበታል። ሕመሙን ዝም ያሰኘው መድኃኒት ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ዝም ያሰኛል። ትኩሳቱ የዴንጊ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል፤ እነዚህ ማስታገሻዎች የመድማትን ዕድል ከፍ ስለሚያደርጉ በዴንጊ ጊዜ አይሰጡም። ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል በልኩ አለ።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን የሚወስድ ሰው ለ«ጉንፋኑ» ክላሪትሮማይሲን ሲሸጥለት ሁለቱ መድኃኒቶች ተጋጭተው ራሳቸው ጡንቻ ሊያፈርሱ ይችላሉ። ቫይረስን የማይነካ አንቲባዮቲክ ለቫይረስ ተሽጦ፣ የቫይረሱን ሥራ አገዘለት ማለት ነው። ሻጩ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃ ነበር። ግን ሰልፉ ረዥም ነው፣ ጥያቄ ደግሞ ገንዘብ አያመጣም።

ልማድ ሦስት፦ «የወፍ በሽታ ነው»

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በሽተኛው ምልክቱን አይቶታል፣ ደንግጧል፣ እርዳታ ፍለጋ ወጥቷል። ሽንቱ ጠቁሯል። ጎረቤቱ ግን መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል፦ የወፍ በሽታ! ወደ ባህል ሐኪም ይወሰዳል። ቅጠል ተጨምቆ ይጠጣል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይሄዳል። ኩላሊት የሚድንበት ጊዜ ደግሞ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ባህል ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ግን ቀላሉ መንገድ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰውም እዚያው ወጥመድ ውስጥ ይወድቃል። የጉበት ምርመራ ተብለው የሚታዘዙት ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ በጉበት ውስጥ ብቻ የሚገኙ አይደሉም፤ በጡንቻም ውስጥ አሉ። ጡንቻ ሲፈርስ እነሱም ይጨምራሉ። ሽንቱ ጠቁሮ፣ «የጉበት ውጤቱ» ከፍ ብሎ የመጣ ሕመምተኛ «ጉበትህ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ልዩነቱን የሚናገረው ዓይኑ ነበር። የወፍ በሽታ ሽንትን እስኪያጠቁር ሲደርስ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ዓይኑ ነጭ፣ ሽንቱ ጥቁር፣ ጭኑ የማያስነካ ሰው የጉበት ሕመምተኛ ነው ከመባሉ በፊት ጡንቻው ይታሰብለት!

ሌላው ስህተት የሽንት ምርመራው ራሱ ላይ ይፈጸማል። የሽንት መመርመሪያው ወረቀት ማዮግሎቢንን እንደ ደም ነው የሚያነበው። «ደም አለበት» ይላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የደም ሴል የለም ወይም በጣም ጥቂት ነው። ይህ አለመስማማት የጡንቻ መፍረስ ዋና ፍንጭ ነው። የሁለቱን ውጤት አስተያይቶ «ለምን ተለያዩ?» ያላለ ባለሙያ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ብሎ ይጽፍና ሰውየውን በአንቲባዮቲክ ይሸኘዋል።

ሕመሙን ወደ ወጌሻ ይዞ የሚሄድም አለ። «ጅማት ዞሮብህ ነው» ተብሎ፣ የተጎዳና ያበጠ ጡንቻ በቅቤ ሲታሽ ይውላል። ለውልቃትና ለወለምታ የሚሆን እጅ እየፈረሰ ላለ ጡንቻ ግን አይሆንም።

«ሰው አታስፈራሩ» ለሚሉ

ይህ ሲነሳ ሦስት መልሶች ይሰማሉ።

የመጀመሪያው «በጣም ብርቅ በሽታ ነው፤ ለምን ሰው ይሸበራል?» የሚለው ነው። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሆስፒታል ይሂድ ያለ የለም። የጉንፋን ቁርጥማትም በአብዛኛው ጡንቻ መፍረስ አይደለም። የተባለው አንድ ነገር ነው፦ ሽንትን ማየት። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ቀጠሮ አይጠይቅም። ሽንቱን ያየ ሰው አይሸበርም፤ ያላየው ነው በኋላ የሚሸበረው። ቀይ ሥር የበላ፣ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንቱ መቅላቱ ያለ ነው። ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም አብሮት ያለ ጥቁር ሽንት ግን ጥያቄ ይፈልጋል። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ጥያቄው በእጥፍ ይጨምራል፤ ከባድ ወባም ሽንትን ያጠቁራልና።

ሁለተኛው «ሕፃናትም እኮ ከጉንፋን በኋላ ባታቸውን አሟቸው መራመድ ያቅታቸዋል፣ በሳምንት ይድናሉ» የሚለው ነው። እውነት ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመዘገበና እስከዛሬ በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ የሚታወቅ ሕመም ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ያለ መዘዝ ይድናሉ። ግን የልጅን ዕድል ለአዋቂ አውሶ መተኛት ቁማር ነው። ለልጆቹም ቢሆን ሽንታቸው ከጠቆረ ነገሩ ያው ድንገተኛ ሕመም ነው።

ሦስተኛው ከባለሙያዎች የሚሰማው ነው። «በቀን ይህን ሁሉ ሰው እያየን፣ የሲኬ ምርመራ በየጤና ጣቢያው በሌለበት አገር፣ ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» የሥራው ጫና እውነት ነው፤ የደመወዙ ነገርም ይታወቃል። ይሁንና ሲኬ የሌለበት ጤና ጣቢያ የሽንት ወረቀትና ማይክሮስኮፕ አለው። ክሬቲኒንና ፖታሲየም የሚሠራበት ሆስፒታል ሩቅ ቢሆንም ሪፈር መጻፍ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አፍ አለ። «ሽንትህ ምን ይመስላል? ደረጃ መውጣት አቅቶሃል? ስፖርት ሠርተህ ነበር? ምን መድኃኒት ወስደሃል?» አራቱም ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ አይፈጁም። ድህነት ማሽን ይከለክላል እንጂ ጥያቄ አይከለክልም።

የሕክምናውም ነገር ቢሆን የሚያስመካኝ አይደለም። በጊዜው ለተደረሰበት ሰው ዋናው መድኃኒት በየሆስፒታሉ የሚገኘው በደም ሥር የሚሰጥ ኖርማል ሳላይን ነው፤ ሰው «ጉልኮስ» እያለ ከሚጠራቸው ፈሳሾች አንዱ። ሐኪሞች ፈሳሹን ከፍ ባለ መጠን ሰጥተው ሕመምተኛው በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር እንዲሸና ያደርጋሉ፤ ፖታሲየሙንና የልቡን ምት ይከታተላሉ። ሽንት ያቆመ ሰው ላይ ፈሳሹ ሳንባ ሊያጥለቀልቅ ስለሚችል ይህ የቤት ወይም የሰፈር ነርስ ሥራ አይደለም። በጊዜ የተያዙ አብዛኞቹ ኩላሊታቸው ተርፎ ይወጣሉ። የዘገዩት ግን ወደ እጥበት ያመራሉ። የጥናት ግምገማዎች እንደሚያሳዩት ራብዶማዮላይሲስ ከያዛቸው ሰዎች ከ13 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይደርስባቸዋል።

እጥበት ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። የሕመምተኛ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ ሲለምን በየመንገዱ አይቷል። ያ ሁሉ ልመና ከጡንቻ መፍረስ የመጣ አይደለም፤ የብዙዎቹ መነሻ ስኳርና ደም ግፊት ነው። ግን በአንድ ከረጢት ፈሳሽና በአንድ ጥያቄ ሊዘጋ የሚችል በር እያለ አንድም ሰው በዚያ በር ወደዚያ ሰልፍ መጨመር የለበትም።

ማን ምን ያድርግ?

ፋርማሲው፦ ያለ ማዘዣ ዳይክሎፌናክ መርፌ መሸጥና መውጋት ያቁም። ማስታገሻ ከመስጠቱ በፊት ስለ ሽንትና ስለሌላ መድኃኒት ይጠይቅ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ብቻ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ምን እንደሚሸጥ ይይ።

ጂሙ፦ «ትኩሳት ያለበት አይገባም» የሚል ወረቀት በር ላይ ይለጥፍ። ወረቀቱ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ዋጋ ነው ያለው።

ቀጣሪው፦ የሕመም ፈቃድ ሕግ እንጂ ችሮታ እንዳልሆነ ይወቅ።

ጤና ጣቢያው፦ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ይዞ ለመጣ አዋቂ ሁሉ የሽንቱን ቀለም መጠየቅን ግዴታ ያድርግ። ወረቀቱ «ደም» ብሎ ማይክሮስኮፑ «የለም» ካለ፣ ጡንቻ ይታሰብ።

ሰው ሁሉ፦ ጉንፋን ሲይዘው ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሽንቱን ይይ። ጭን፣ ባት ወይም ትከሻ ካበጠ፣ ከጠጠረ፣ ደረጃ መውጣት ወይም እጅ ማንሳት ካቃተ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ፣ ነገ አይባልም። ሦስቱ ዋና ምልክቶች፣ ማለትም ሕመም፣ ድካምና ጥቁር ሽንት፣ አንድ ላይ የሚታዩት በጥቂቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ሁሉም እስኪሟሉ መጠበቅም ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ድኖ ሁለተኛ የደገመበት ሰው ደግሞ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል «ዕድሌ ነው» ብሎ መተው የለበትም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ በሽታ ቅጠሉ የወፍ መድኃኒት አይደለም፤ በጊዜ የተጠየቀ አንድ ጥያቄ ነው። ሽንትህ ምን ይመስላል? ሽንትሽስ? ይህንን መጠየቅ የሚያሳፍረው ሐኪም፣ መመለስ የሚያሳፍረው ሕመምተኛ፣ ከሁለቱ አንዱ ነውሩን ይተው። ኩላሊት ይሉኝታ አያውቅም።